ከሽማግሌዎቹ የቀደመው መልእክት

እብናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ውድ እታለም ፈንታነሽ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከጓዳሽ ሆኜ ነው። አንቺ ደጅ ላይ ከአማትሽ ከእመት አበበች ጋር ምስር ትለቅሚያለሽ፤ ድምፅሽ ይሰማኛል። ስልክሽ ኪሴ ውስጥ ነው። የትምህርቱን ነገር ላስተካክልልሽ ብዬ የተቀበልኩሽ ውሸቴን ነበር።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሁሉን ሰምተሻል። ስለዚህ ልጻፈው፤ ሞላ የለም። ባለቤትሽ መተማ መንገድ ላይ የሚነዳው አይሱዙ ተገልብጦ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፤ ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። እኛ ደብረ ታቦር ያለነው የሰማነው ሰኞ ነው። ቄስ ይሻው ዘመድ ሰብስበው፣ «ልጅቱ ወሯ ገብቷል፤ ሁለት ነፍስ ናት። በሰላም ትገላገል። ያን ጊዜ እሷንም እናቱንም እኛው ሄደን፣ ጎሕ ሲቀድ እናረዳቸዋለን» አሉ። ሁላችንም ተስማማን። እስከዚያ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል ተማምለን ተለያየን።

ትንፍሽ የሚል ነገር ግን እኔው በገዛ እጄ ሠርቼ ነበር።

ኮሌጁ ውስጥ ምን እንደምሠራ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «ኮምፒውተር አማርኛ አስተምራለሁ» እያልኩ እቀልድብሽ ነበር። ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንቺና መሰሎችሽ መምህራን በስልክ የምትማሩትን ትምህርት የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ተማሪ የጻፈውን መልስና ጥያቄ ያነባል፤ የተከፋውን፣ የተሰላቸውን፣ ሊያቋርጥ የዳዳውን ለይቶ ይነግረናል። በዚያ ላይ የአካባቢውን ዜናና የፌስቡክ ገጾች ያነባል፤ የት መንገድ እንደተዘጋ፣ የት ኔትወርክ እንደጠፋ አውቀን ፈተና እንድናራዝም ነው። አንድ ተማሪ ሐዘን እንደደረሰበት ካነበበ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ የማጽናኛ መልእክት ይልካል። ይህቺን የጨመርኳት እኔ ነኝ። የተጨበጨበልኝም በእሷ ነው።

«ነፍስ ይማር» ማለት ምን እንደሆነ አስተማርኩት። ሐዘንን ከቁጣ፣ ቁጣን ከቀልድ እንዲለይ አስተማርኩት። መርዶ የሚባል ነገር እንዳለ፣ እኛ አገር ሞት ሰዓቱንና ሰዉን ጠብቆ እንደሚነገር ግን አልነገርኩትም። እንዴት ረሳሁት? እኔ እኮ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ።

አባታችን የሞተ ጊዜ በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ጎሕ ሲቀድ ግቢው ሰው ሞልቶ አየሽና ወደ ውስጥ ተመልሰሽ እጄን ያዝሽኝ። ለቅሶው ሲፈነዳ አልለቀቅሽኝም። ያን ቀን ያልወደቅሁት ያ ሁሉ ሰው ከቦን፣ እጅሽም ስለነበረ ነው። ለዚህ አንድ ቀንም አመስግኜሽ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ስምሽን አየሁ። አንድ የሞላ ሾፌር ጓደኛ ፌስቡክ ላይ «የመምህርት ፈንታነሽ ባለቤት፣ ወንድማችን ሞላ» ብሎ ፎቶውን ለጥፏል። ፕሮግራሙ አንብቦታል፤ ከእኛ ተማሪ ስም ጋር አገናኝቶታል፤ ልኮልሻል። «በባለቤትዎ በአቶ ሞላ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ፈተናዎ ተራዝሞልዎታል።» ቃሉ የእኔ ነው፤ የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ «አልደረሰም» ይላል፤ እብናት ኔትወርክ ጠፍቶ ነበርና።

አብራኝ የምትሠራውን ሠናይትን እባክሽ መልሰን እናጥፋው ብላት፣ አንዴ ከእጃችን ወጥቷል፣ ኔትወርክ ያገኘች ዕለት ይገባላታል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን ተመልሼ አልከፈትኩም፤ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ ሆድሽ እንደዚያ ገፍቶ፣ ብቻሽን ቆመሽ ስልክሽን ስትከፍቺ። መኪና ያገኘሁት ትናንት ነው። መንገዱን ሁሉ ኔትወርክ እንዳይመጣ ስጸልይ መጣሁ። መኪናው በቆመ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር።

ስደርስ ሳቅሽ ተቀበለኝ። አልሰማችም አልኩና ግድግዳውን ተደግፌ ተነፈስኩ። ማታ ስለሚወለደው ልጅ ስም አወራሽ። ሐሙስ ዕለት የቤት ሥራሽን ለመላክ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ዳገት ስትወጪ ትንፋሽ እንዳጠረሽ እየሳቅሽ ነገርሽኝ። የእኔንም ቀጭን እግር አልማርሽውም። ዛሬ ስልኩን ስጠይቅሽ ትንሽ ያዝ አደረግሽውና፣ ድምፁን አጥፋው፣ እማ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣሉ አልሽኝ። አጠፋሁት።

እታለም፣ እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ነበር። ኔትወርክ መጣ። የሁለታችንም ስልክ ኪሴ ውስጥ አንድ ላይ ተርገበገበ። መልእክቱን ሳታዪው ላጠፋው ብዬ ስልክሽን ከፈትኩ። አዲስ አልነበረም። ሐሙስ ገብቷል፤ ተነቧልም። ለካ ዳገቱ ላይ ኔትወርክ ነበር። ከሥሩ መልስ ጽፈሽ ኖሯል። ቤት ገብተሽ ስለጻፍሽው አልሄደልሽም ነበር፤ አሁን ዓይኔ እያየ ሄደ።

«ደርሶኛል። እባካችሁ ሁለተኛ አትላኩ። እናቱ አልሰሙም፤ ደም ግፊት አለባቸው። ሰዎቼ መጥተው እስኪነግሩን ድረስ እኔም አልሰማሁም።»

ብቻሽን፣ ዳገት ላይ ቆመሽ፣ እኔ በጻፍኩት ቃል ሰማሽው። ከዚያ ወረድሽና ለአማትሽ እራት አቀረብሽ።

ብዙም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ብቻውን ተርገበገበ። ፕሮግራሙ ነው፤ መልስሽን አንብቦ ሪፖርት ልኮልኛል። «የመልሱ ስሜት፦ የተረጋጋ። ክትትል አያስፈልግም።»

እስካሁን ትሰማለች ብዬ ስፈራ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ሳቅሽ ነው። ደጅ ላይ ትስቂያለሽ፤ እመት አበበችም አብረውሽ ይስቃሉ። ይህን ነገር እስክትወልጂ ብቻሽን ከተሸከምሽው ምን ትሆኛለሽ? ልጁስ?

ለቄስ ይሻው እደውላለሁ። ታውቃለች፣ መውለዷ አይጠበቅም፣ ዛሬውኑ ተነሡ እላቸዋለሁ። ከጤና ጣቢያውም ነርስ እለምናለሁ፤ ለአንቺም ለእመት አበበችም። እስከ ነገ አንቺ አልሰማሽም፤ እኔም ምንም አላውቅም። ምስሩን አብሬሽ እለቅማለሁ። ጎሕ ሲቀድ ግን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሼ እጅሽን እይዛለሁ፤ አልለቅሽም።

እየጠራሽኝ ነው፤ ስልኩ ተሠራ ወይ እያልሽ። መጣሁ። ድምፁን እንዳጠፋሁት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
መዝገቡ