ዳፕ ያጠብኩበት ኩሬ

ጥቅምት 3፣ ጠዋት
ማስታወሻዬ ሆይ፣ ቀጥ ብለህ ቁምና መርዶ ስማ። እዚህ ጠዳ መንደር ያለው የኩሬያችን አረንጓዴ አልጌ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቀባሪ የለውም። ወራሹ ግን ደርሷል፤ ቀለም የደፉበት የሚመስል ሰማያዊ ቢጤ ዝቃጭ። ይሸታል። እኔ ሰሞኑን እዚያው የዳፕ ማዳበሪያ ጆንያ እያጠብኩ ነው፣ ለአዝመራው እህል መክተቻ። የወንድሜን የአያ ደሴን ልጆች ጋኔን እግሩን የታጠበበት ነው አልኳቸው። ሮጡ! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ጥቅምት 5
የውሃ ባለሙያ መጣች። ወጣት፣ ባለመነጽር። ዶ/ር እንቁራሪት አልኳት፤ ሳቀች። ሸጋ ልጅ። ጆንያዎቹን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። አልጌ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይበላል አለች። ሁለቱ ሲመጣጠኑ አረንጓዴው ያሸንፋል። ዳፕ ፎስፈረሱ ይበዛል፤ ናይትሮጅኑ ቀድሞ ያልቃል፣ አረንጓዴው ይራባል። ሰማያዊው ናይትሮጅኑን ከአየር ያመጣል። ከ8ኛ ክፍል አቋርጬም ገባኝ፦ ወጥ ብቻ በተረፈበት ድግስ፣ እንጀራ ከቤቱ ይዞ የመጣ ይጠግባል። ሰማያዊው መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ከብት እንዳይጠጣ፣ ለወንድምሽ ንገሪው አለች።

ጥቅምት 6
ለአያ ነገርኩት።
«ደግሞ ጀመረሽ! ባለፈው ጋኔን፣ ዛሬ መርዝ። ነገ አዞ ልታመጪ ነው?»
ሚስቱ ሳቀች። ምነው እኔም አብሬ ሳቅኩ? ሰማያዊውን ያመጣው የኔ ጆንያ መሆኑን ደግሞ ዋጥኩት።

ጥቅምት 8፣ ቀትር
ቦራ ወድቃለች። የአያ እርጉዝ ጊደር። ጥር ላይ ትወልዳለች ተብሎ ልጆቹ ወተቱን ካሁኑ ተካፍለዋል። ትንቀጠቀጣለች፤ አፏ አረፋ። አፍንጫዋ ላይ ሰማያዊው ደርቋል። አያ ግንባሯን ይዞ፣ ተይ እንጂ ቦራ፣ ተይ እንጂ ይላታል። ቀልድ ፈለግሁ። የለም።

11 ሰዓት
ሞተች። ሁሉንም ነገርኩት፣ ጆንያውንም። ገመዷን ከአንገቷ ፈታ። ከዚያ፦
«ስትስቂ ጊዜ ነው ያላመንኩሽ።»
ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 9
ጆንያዎቹን ከኩሬው አወጣሁ። ከእንግዲህ ማጠብ ማሳው ላይ፣ በባልዲ፤ እጣቢውን ሰብሉ ይጠጣው። ልጆቹን ሰብስቤ ጋኔን የለም፣ ኩሬውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። አያ የማንም ከብት እንዳይጠጋ ኩሬውን በእሾህ እያጠረ ነው፤ አያናግረኝም፣ እሾህ አቀብለዋለሁ። ባለሙያዋ መጥታ ጻፈች፦ ጊደር፣ አንድ። ትልልቅ ሐይቆች እንዲህ ይሆናሉ፣ ይሄ ትንሽ ነው አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። ልክ ናት። ትንሽ ነገር ነው። አንድ ኩሬ፣ አንዲት ጊደር።