ለጋሼ ያልነገርኩት የስብሰባ ቀን

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ደረጃ አሁንም እያስቸገረሽ ነው ወይስ ምድር ላይ ያለ ቤት አገኛችሁ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? ትንሹስ ዛሬም የግራውን ጫማ በቀኝ እያደረገ ነው የሚሮጠው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬ ዓይኗ ደከም ቢልም ጆሮዋ ግድግዳ አያግደውም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ወንድማችን ጋሼ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ዛሬ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ጤና ጣቢያው አዲስ የአእምሮ ጤና ክፍል ሊከፍት ነው። ከመሠራቱ በፊት ታካሚዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ይጠየቁ ተባለ። ታካሚ መባሉም ቀርቷል፣ አሁን «ተገልጋይ» ሆነዋል። የጤና ጣቢያው ሲስተር ደውላ «ረቡዕ በአራት ሰዓት እንዳትቀሩ» ስትለኝ እኔም የተጠራሁ መሰለኝ። ታዲያ ማን ይጠራ? ዐሥራ አንድ ዓመት የጋሼን ቀጠሮ የያዝኩት እኔ፣ የቱ ክኒን እጁን እንደሚያንቀጠቅጠው፣ የቱ እንደሚያፈዘው በቃሌ የምወጣው እኔ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጸጉሬንም ተሠራሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ሲስተሯ ፈገግ ብላ «አስታማሚዎች ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። ጋሼ ገባ፣ በሩም ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። በሩ ስስ ጣውላ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ አንዲት ልብስ ሰፊ መድኃኒት መስጫው ሰልፍ ፊት ስሟ እየተጮኸ መጠራቱ እንደሚያሳፍራት ተናገረች። ከዚያ የጋሼ ድምፅ መጣ። የጠዋቱ መድኃኒት እስከ እኩለ ቀን ስለሚያፈዘው ክትትሉ ከሰዓት በኋላ እንዲሆንለት ጠየቀ። ቀጥሎም «ሐኪሙ እኔ ፊቱ ተቀምጬ እህቴን ነው የሚጠይቀው። ይተኛል ወይ፣ ይበላል ወይ ይላታል። መተኛቴን የማውቀው እኔ ነኝ። አዲሱ ክፍል ሲሠራ ለታካሚ አንድ ወንበር ብቻ ይቀመጥ፤ ያኔ ማንን እንደሚጠይቅ ግራ አይገባውም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሐኪሙም ጭምር። እቤት ሁለት ቃል ለማውጣት የሚያምጠው ሰው ሰውን አሳቀ፤ እኔንም በሰው ፊት ወንበር ከለከለኝ። ሲወጡ ሲስተሯ እጁን ጨብጣ «ዛሬ ብዙ አስተማርከን፤ በየረቡዑ እንጠብቅሃለን» አለችው። እኔን በዚያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ያሉኝ «ቀጠሮ እንዳታሳልፊ» ብቻ ነው።

እሑድ አንቺ ደወልሽና ስልኩን ሰጠሁት፤ ስለ ስብሰባው ነገረሽ። ድንች እየላጥኩ ድምፅሽ ይሰማኝ ነበር። «ኮራሁብህ ወንድሜ» አልሽው፤ ያለቀስሽም መሰለኝ። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ግን «መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ነው አይደል?» ብለሽ ዘጋሽው። አልወቅስሽም። እወቅስሻለሁ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ሰኞ ሲስተሯ ደወለች። «የረቡዑ ስብሰባ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል፣ ንገሪልን» አለችኝ፤ እኔም «እሺ» አልኩ። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ የሚናገረውን ይጽፋል። ቆሜ አየሁትና ሳልነግረው ገባሁ። ረስቼ አይደለም እትዬ፣ እያወቅኩ ነው። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ፤ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩት። እማዬ «ዛሬ ምን ነክቶሻል?» ብትለኝ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሎኝ ነው አልኳት።

ረቡዕ ጋሼ ጺሙን ተላጭቶ፣ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ይዞ ሄደ። ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ተመለሰ። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ስብሰባው ትናንት እንደነበር ነገረችው። «ድሮም ከልባቸው አልነበረም። የእብድ ሐሳብ ማን ይሰማል፣ ለወጉ ነው የጠሩን» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሦስት ቀን እንዲያ ሆነ። በአራተኛው ቀን ክኒኑን በእጄ ላይ መልሶ «ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የነበረው ፊት ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «ቀኑ መቀየሩን ሲስተሯ ነግራኝ ነበር። የደበቅኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ቀብሬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ብድግ ብሎ ተቀመጠና «አንቺ ነሽ እንዴ? ተመስገን፤ እኔ እኮ እነሱ መስለውኝ ነው» አለኝ። ፊቱ ፈካ፤ ክኒኑንም ተቀብሎኝ ዋጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእኔ በደል ምንም አልመሰለውም፤ እነሱ እንዳልናቁት ማወቁ ነው ያስደሰተው። እንደዚያ ሰዓት ቀንቼ አላውቅም።

ቀጥሎ «ስልኬን ስጪኝ» አለ። ያኔ ሲታመም ለማያውቀው ሰው ሁሉ እየደወለ ስላስቸገረ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩበት ስልክ ነው። ከተሻለው ስንት ጊዜው! እሱ አልጠየቀም፣ እኔም መመለስ ትዝ አላለኝም። ቻርጅ አድርጎ፣ አዲስ ሲም ካርድ አስገብቶ ለሲስተሯ ራሱ ደወለላት። «መልእክቱ አልደረሰኝም» አላት እንጂ ስሜን አላነሳም። ለካ እሱ በሌለበት ክትትሉ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንዲሆን ወስነው ኖሯል። ባለፈው ረቡዕ ሄዶ እንደገና አስነሣውና በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት እንዲሆን አስደረገ። አስታማሚዎችም ለብቻቸው ይጠየቁ ብሏቸዋል፤ «እኛ በሌለንበት፣ እንዲያሙን» ብሎ። ይህንንም ያሰበልኝ እሱ በመሆኑ ተናደድኩ።

ትናንት ምሳ ላይ አላስችል ብሎኝ «ጋሼ፣ ያንን ያደረግኩት ቀንቼብህ ነው» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠና «እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት ስቀናብሽ ነው የኖርኩት» አለኝ። በምኔ? በዚህ ባበጠ እግሬ? ብዬ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። «ሰው የሚያነጋግረው አንቺን ነዋ» አለኝ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ግን አላታልልሽም። ዛሬም እሱ ስብሰባ ገብቷል፣ ምን ተባለ፣ ማን ሳቀለት እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። የስልኩን ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ አስፍሬልሻለሁ። እሱን ስትፈልጊ በራሱ ስልክ ደውዪለት። በእኔ ስልክ ስትደውዪ ደግሞ እባክሽ ስለ እኔ ጠይቂኝ።

ለባለቤትሽ አክባሪ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን። አማትሽን በእኔ ስም ጎንበስ ብለሽ ሳሚያቸው። እማዬ በዓይኔ ሳላይሽ እንዳልቀር ትላለች። ጋሼ ሰላምታውን ራሱ ይነግርሻል።

ታናሽ እህትሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከበረንዳው ላይ
ረቡዕ ረፋድ፣ ግንቦት 14 ቀን