ተገልብጦ የተሰካው ገመድ

ዘካሪያስ፣
ኮምፒውተሩን እንዳታጠፋው!

ከቴሌግራም የገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር ዲስኬት አላነብ ሲል፣ «ስትጠርግ ነካክተህ አበላሸኸው» ብዬ ሦስት ቀን አኩርፌህ ነበር። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። የዲስኬት ማንበቢያው ገመድ ተገልብጦ ነው የተሰካው። የሰካሁት እኔው ባለሙያው ነኝ። መጥረጊያህ ነፃ ወጥቷል።

አንተም «ቆርቆሮ» ያልከው ዕቃ የአባትህን ዲስኬት አነበበልህ። ውስጡ ያለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ከፈትኩና «ልጄ ዘካሪያስ» የሚለውን ሳይ ወዲያው ዘጋሁት። ነፍሳቸውን ይማር።

ደብዳቤው እንዲከፈት፣ መብራት ሳይሄድ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጫን። ኮምፒውተሩ ቢያጉረመርም አትደንግጥ፣ ጤነኛ ነው።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው በዝቶበታል፤ ለዚህኛው ማንንም አልከስም።

ባጃጁ እየጠራኝ ነው። ዛሬ አቃቂ እህቴ ጋ አመሻለሁ። ብቻህን አንብበው።

ሸኪብ