ከላፕቶፑ የወጣው ዲስክ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ፣ ሥራውስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም በየሶላቱ ስምህን ሳትጠራ አትነሳም። እኔ ግን ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ድምፅህን ለመስማት ብላ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ታደርገዋለች፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተዘግቷል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ተሰደድክበት አገር በሚመጣ ሰው እጅ አሽጌ ልኬዋለሁ።

የላክልን ላፕቶፕ ደርሷል። የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኛል፣ ፎርማት አስደርጊውና ተጠቀሚበት ብለኸኝ ነበር። ነስሩ የሚባል ልጅ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት። በፎርማቱ ያለው ሁሉ ከመጥፋቱ በፊት ያንተ ፎቶ ካለበት ለእማዬ አውጣልኝ ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥባትን፣ ከመዳፌ የማትበልጠዋን ኤስኤስዲ የሚሏትን ዲስክ ፈቶ አወጣት፤ እሷኑ በምታህል ኬዝ ውስጥ ከተታትና በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኛት። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የለ፣ ምን የለ፣ ያለው ሁሉ ተዘርግፎ ወጣ።

ያንተ ፎቶ አልነበረም፤ የሙራድ ነበር። ባለፈው ረመዳን እዚያው እናንተ ጋ ሱቁ ውስጥ ገድለው የዘረፉት የፎንቆው ልጅ። አስከሬኑ ሲመጣ ሄደን አለቀስን። ያኔ ደውለህ፣ እኔ ያለሁበት ከተማ ሩቅ ነው፣ ሰውየውን በዓይኔም አይቼው አላውቅ ብለኸናል።

ነስሩ ራሱ የፎንቆ ልጅ ነው። ይሄ ሙራድ አይደለም እንዴ አለኝ። አይደለም አልኩት። ገመዱን ነቅሎ ዲስኩን ከነኬዙ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ ዲስኩን እደብቃለሁ።

በማግስቱ በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ብቻዬን ከፈትኩት። የመጨረሻው ፎቶ፣ ለሚስቱ ሊልክላት ይሆናል፣ ሙራድ ራሱን በላፕቶፑ ካሜራ እየሳቀ ያነሳው ነው። ቀኑ የተገደለበት ቀን ነው። ከጀርባው በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ፊቱ አይታይም። የለበሰው ሹራብ ግን አረንጓዴ ነው፤ ክሩ አልቆብኝ አንገቱን በቡናማ የጨረስኩት፣ ስትሄድ የሰጠሁህ።

ወንድሜ፣ ፈራሁ። ነስሩን ፈራሁ፣ ፖሊስ ፈራሁ፤ ከሁሉም በላይ አንተን ፈራሁ፣ አዝዬ ያሳደግኩህን። ላፕቶፑን ከሰው ገዛሁት በለኝ። ሹራቡን ለሰው ሰጠሁት በለኝ። ከማልክልኝ አምንሃለሁ።

ሚስቱ ነጂባ፣ ልጄ ያባቱን መልክ እንኳ አያውቅም እያለች ለጠያቂው ሁሉ ታለቅሳለች። ዲስኩ ውስጥ መልኩም ድምፁም አለ። በሚመጣው ወር እማዬ ልትጠይቃት ፎንቆ ስትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ዲስኩንም እይዛለሁ። መልስህ ቀድሞኝ ይድረስ። ያቺን አንዲት ፎቶ ላጠፋት ስንቴ ሞከርኩ። እስካሁን አለች።

አላህ ከክፉ ሥራ ይጠብቅህ። ድሮ ከክፉ ሰው ነበር የምልህ።

ያሳደገችህ እህትህ