ሙጫ ያላወጣው ጥድ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ወገብሽስ ተሻለሽ? መንትዮቹስ እርስ በርስ መነካከሱን ተዉ? እኔ፣ ከፍርሃቴ በቀር፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፈው ሰው ሳልለምን በገዛ እጄ ነው፤ የማታ ትምህርቴ ፍሬ መሆኑ ነው። ወንድምሽ ዛሬ ከዛፍ ጋር የሚነጋገር ሰው ሆኗል፤ በዚህ ምድር ላይ አቻ የለኝም። እሺ ይሁን፣ የምትነጋገረው ችግኝ ጣቢያችን ጥድ ልታጠና የመጣችው ዶክተር ናት፤ እኔ መሰላሉን እይዛለሁ። ግን መሰላል ያዥ ባይኖር ምን ይውጣት ነበር?

ሥራችን እንዲህ ነው። የጥዱን ቅርፊት በትንሽ መብሻ እንበሳና ከቀዳዳው ሥር ጠርሙስ እናንጠለጥላለን። ጤነኛው ጥድ ቶሎ ሙጫ ያፈሳል። ሙጫው መድኃኒቱም መሣሪያውም ነው፤ ሊበላው የገባውን ጥንዚዛ አስምጦ ይገድለዋል። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ፣ ሙጫ የመሥራቱ ነገር ከእናት ዛፍ በዘር ይወረሳል፤ ዘረመል ትለዋለች። ሁሉም ጥድ አለው። ልዩነቱ አዛዡ ላይ ነው፤ ያንን የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ዘረመል አለ። በአንዱ ጥድ ገና ሲነከስ ይከፈታል፣ በሌላው ከተበላ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነዋ ብላት፣ እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርኩ ብላ ሳቀች።

ከችግኝ ጣቢያችን የጥድ ችግኝ ልትወስጂ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ሌላውን ሁሉ ትተሽ ያንን መለሎውን ስጠኝ አልሽ። ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው፣ የሚያየው ቁመት ነው። ከሱው እናት የበቀሉት እዚሁ አሉ፤ ብንበሳቸው ጠርሙሳቸው ባዶ ነው። ጉልበታቸውን ቁመት ላይ ጨርሰውታል። ሰሞኑን አንዱ፣ ለካ ውስጡ ተበልቶ ኖሯል፣ ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ እንኳ ሳይኖር ከወገቡ ተሰብሮ የመሣሪያ ቤታችንን ጣራ ለሁለት ከፈለው። ውስጥ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። እኔ ግን ልቀልድ የከፈትኩት አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ያኔ ነው የላክሽልኝ ወሬ ትዝ ያለኝ። ዛፌ ጽዱ ነው፣ እንደ ጎረቤት ጥድ በሙጫ ልብስ አያጨማልቅም፣ ብቻ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ቡናማ ዱቄት እጠርጋለሁ ብለሽ ነበር። እትዬ፣ ያ ዱቄት ጥንዚዛው ሲሰረስረው የሚያራግፈው ነው። ዛፉ ደግሞ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ላይ ነው ያዘነበለው።

ዶክተሯ እዚያ ክፍል ማንም እንዳያድር ብላለች። ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌራችን ነው፤ የልጆቹን ፍራሽ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሳያስገባ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። በሻይ ደልለሽ እንዳትሸኚው! እኔ መጋዝና ሰው ይዤ እሑድ እደርሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድብሽ ስለኖርኩ፣ አሁንም የተለመደ ቀልዱ ነው ብለሽ እንዳትስቂ ነው ጭንቀቴ። አትሳቂ።

ክፉ አይንካችሁ። የተኛችሁበት ይመቻችሁ፣ የነቃችሁበት ሰላም ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። የተማረ ሰው ቃል ታከብሪያለሽ ብዬ ነው እንጂ ማንም አይደር ያለችው ዶክተሯ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። እሷን መቼ ይወድቃል ብዬ ጠይቄያት ነበር። ያቺ ሁሉን የምታውቅ ሴት መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ፣ ዓመትም ሊቆም ይችላል፣ ዛሬም ሊወድቅ ይችላል፣ አላውቅም አለችኝ።

ታናሽሽ