በአባትህ ስም የሚመጣው የመብራት ቢል

ልጄ ዙበይር፣ አላህ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ይሁንህ። እኛ ሙልታን ከተማ ያለነው ሙቀቱ ጠበሰን እንጂ ደህና ነን።

ደስ ይበልህ! መንግሥት ጣሪያው ላይ ሶላር ለሚያስገባ ሰው ግማሹን ዋጋ ሊችል ነው። ግን ግራ ገባኝ፤ ድጋፉ ለመብራት ቢሉ ባለስም ብቻ ነው አሉ። የእኛ ደግሞ ዛሬም የሚመጣው በሟቹ አባትህ ስም ነው።

የቢሮው ጸሐፊ «ባለስሙ ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ» አለኝ።

«ከመቃብር ላምጣቸው እንዴ?»

«ታዲያ እማማ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምነው ሳያዛውሩት ቀሩ?»

ሳቄ ጠፋ። በየወሩ የአባትህ ስም ቤቴ ሲመጣ ደስ እንደሚለኝ ለጸሐፊው እንዴት ልንገረው?

ወደ እኔ እንዲዛወር የልጆቹ ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል። እህትህ ፈርማለች፤ አንተም ኤምባሲ ሄደህ ፈርመህ ላክልኝ። ስትመጣ መብራት ቢጠፋም ማራገቢያው ሳይቆም ትተኛለህ። በአባትህ ስም የመጣውን የመጨረሻውን ቢል ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

አላህ እጅህን ይባርክ።
እናትህ ናሂድ