ያልተበደለው ሁሉ አፉ አለህ

ይድረስ ለልጄ አባት፣ ለይማም።

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ተያዘብኝ። ከተለየኸኝ ዛሬ ዓመት ከሦስት ቀን ሆነ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ልጃችን አሕመድ ደሴ ማስተማሩን ቀጥሏል። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ የጎረቤታችንን የዘሃራን የሽንኩርት ማሳ ግማሹን ወሰደባት። ዓሣ መጥበሻዬን ወደ መንገዱ ስላወጣሁት ያ የምትጠላው የባጃጅ ጩኸት አሁን ጆሮዬ ሥር ነው። የጣራውን ቆርቆሮ ቀይረናል። ቴሌቪዥኑ ግን ያው ከነዳንቴሉ፣ ያው ቦታው ላይ ነው።

በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በዚያ ቴሌቪዥን ምክንያት ነው ብልህ ትስቅብኝ ይሆናል። ሳቅ ግድ የለም። ስትስቅ ደስ ትለኝ ነበር።

እሁድ እሁድ ከመግሪብ በኋላ የፖሊሶቹ ድራማ ሲጀምር ቤታችን እንዴት ይሞላ እንደነበር ታስታውሳለህ። ዘሃራ ልጆቿን አስከትላ ትመጣለች፤ አንተ በርጩማህን ከሁሉም ፊት ታደርጋለህ። ያ ጥቁር መነጽር የማይለየው ጉቦኛ ኢንስፔክተር ብቅ ሲል ሰዉ ይረግመዋል፣ አንተ ደግሞ ታርመዋለህ። ካቴና እንዲህ አይታሰርም፤ መዝገብ በብብት ተይዞ አይዞርም፤ አዛዥ ፊት እንዲህ ተዝናንቶ አይቆምም። ሃያ ስምንት ዓመት ፖሊስ ሆኖ የኖረ ሰው ሲያርም ማን ይከራከረዋል? እኔ ግን ወሬው እያመለጠኝ እናደድብህ ነበር። አንድ እሁድ፣ ሌባ ፖሊስ እንዲህ በመነጽሩ ከሩቅ አይታወቅም፣ ሌባ ፖሊስ እኔን ነው የሚመስል አልክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ያ የዘበኛው ክፍል መጣ። ኢንስፔክተሩ ፊደል ያልቆጠረውን ሽማግሌ ዘበኛ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦ አንድ ወረቀት አነበበለት። ያነበበለት ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ። ከዚያ አውራ ጣቱን ይዞ ቀለም አስነክሮ አስፈረመው። ዘበኛው ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎት ባርኔጣውን አነሣ። አንተ ምንም አላረምክም። ዘሃራ ዞራ፣ ምነው ሃምሳ አለቃ ዛሬ ስህተት ጠፋ እንዴ ብላ ቀለደችብህ። ዛሬ ልክ አድርገው ነው የሠሩት አልክና በርጩማህን ትተህ ወጣህ። ከዚያ እሁድ ወዲያ ድራማውን አላየኸውም። እኔ ዓይንህ ደክሞ መስሎኝ ድምፁን ዝቅ እያደረግሁ ብቻዬን አየሁ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። አንተ ብቅል በአፍህ ስለማይዞር ያንተን ያወጣው ቴሌቪዥን ነው።

ስኳሩ ኩላሊትህን አድክሞ ደሴ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ፣ አሕመድ መድኃኒት ሊገዛ የወጣ ጊዜ ነው የነገርከኝ። በወጣትነትህ፣ እዚህ ስሙን በማልጽፈው ጣቢያ መርማሪ ሳለህ፣ የአንድ ነጋዴ ጥማድ በሬ ተሰረቀ። የሰረቀው የአዛዥህ የአክስት ልጅ ነበር። አዛዡ ግን ተሰማ የሚባል ገበሬ እንዲያዝ አዘዘህ። አንተ ቃሉን ጻፍክ፤ በሬዎቹን አላየሁም ያለውን ሰው ሰርቄያለሁ አስባልከው። ያልከው ብቻ ነው የተጻፈው ብለህ አነበብክለት፣ ጣቱንም ይዘህ አስፈረምከው። አራት ዓመት ታሰረ። ካልታዘዝክ ትባረራለህ ብለውህ እንደነበር ነገርከኝና፣ እሱ ምክንያት አይሆንም አልክ ራስህ። ከዚያ እጄን ይዘህ፣ ፋጡማ፣ ሰውየው አፉ እንዲለኝ ለምኝልኝ አልከኝ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ተናድጄብሃለሁ። ማዕረግ ያገኘኸው በዚያ ዓመት መሆኑ ትዝ አለኛ። በልብስህ ክንድ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ክሩ እንዳይታይ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ነው የሰፋሁት። ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ። በሰው ልጅ መታሰር ያጌጥኩ መሆኔን ማን ነገረኝ? ይህን ልልህ ስፈልግ አሕመድ መድኃኒቱን ይዞ ገባ። በሦስተኛው ቀን ሄድክ።

አስከሬንህ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሼሁ እንደ ደንቡ ስለ ዕዳና በደል ጠየቁ። በይማም ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ይናገር፣ ወይም አፉ ይበለው አሉ። ግቢው ሙሉ ሰው አፉ ብለናል አለ። ዘሃራ አለች፣ የመስጊዱ ጀመዓ አለ፣ የማላውቀው ሹፌር ሳይቀር እያለቀሰ አለ። አሕመድ፣ አባቴን የሚጠይቅ ሰው ካለ እኔ አለሁ አለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሻሼን ነክሼ ዝም አልኩ። አፌን ብከፍት ኖሮ ተሸክመውህ የሚወጡት ሰዎች እንዴት ያዩሃል? ይኸው ነበር ያሰብኩት። ያልተበደለው ሁሉ አፉ አለህና ተቀበርክ፣ እኔም አለቀ፣ ተሸፈነ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ስምንት ወር አታለልኩት። ድራማው አለቀ የሚባል ጊዜ ዘሃራ ልጆቿን ይዛ መጣችና አብረን አየን። ኢንስፔክተሩ ድልድይ ላይ ተተኮሰበትና ወደቀ፤ መነጽሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዘሃራም እሰይ አለች። እኔ ግን ያ ዘበኛው መቼ ይወጣል እያልኩ እስከ ስም ዝርዝሩ ጠበቅሁ። አልመጣም። ዘበኛውስ አልኳት። ዘሃራ ዞር ብላ አየችኝና፣ የቱ ዘበኛ አለችኝ።

ማክሰኞ ተሰማን ፍለጋ፣ አገሩን ነግረኸኝ ነበርና፣ ውጫሌ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከውጫሌ ባጃጅ እስከሚደርስበት ደርሼ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ሰው እየጠየቅሁ በእግሬ ሄድኩ። የተሰማን ቤት ሲያሳዩኝ ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ አጠገብ ነው። ተሰማ ከደጁ ሆኖ የማን ነሽ አለኝ። ነገርኩት። አስገባኝና መደብ ላይ አስቀመጠኝ፤ ጥርሱ አልቋል፣ እጁ ግን ገና የአራሽ እጅ ነው።

ታስታውሳለህ፣ በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ለግሸን በዓል ጥበቃ እኔን መድቡኝ ብለህ ትለምን ነበር። ሌላው ፖሊስ ያን ዳገት ሲሸሽ አንተ ትሽቀዳደማለህ። እኔም ዘንድሮም ልትሳለም ነው ወይ፣ ክርስትና ልነሣ እንዳትለኝ እያልኩ እቀልድብህ ነበር። ምክንያቱን የነገረኝ ተሰማ ነው። ከተፈታ በኋላ በየዓመቱ፣ ተሳላሚው ሲያልፍ፣ መለዮህን አውልቀህ ከደጁ ትቆምና ውሃ ትለምነው ነበር። ሲያስገባህ እዚያው እኔ የተቀመጥኩበት መደብ ላይ ትቀመጣለህ። ጠጥተህ ትነሣለህ።

ባየሁት ቀን አወቅሁት አለኝ። "ዛሬ ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ቀዳሁለት። ከዚያ ጡረታ ወጣ መሰል ቀረ። እኔም መስከረም በመጣ ቁጥር መንገድ መንገድ ሳይ ኖርኩ።"

አለቀስኩ ይማም። አፉ በሉት ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ። አሁን አንቱ ብዬ መጻፌን ታያለህ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ ማለት ከብዶኛል። የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፍልህ። "እኔ ሌባ የተባልኩት በገበያ መሐል ነው፤ ልጆቼ የሌባ ልጅ ተብለው ነው ያደጉት። ታዲያ በጓዳ አፉ ብለው ለማን ይሰማል? አፉ የምለው ሰው የሰማ ዕለት ነው።"

ለአሕመድ በሰው ፊት ልናገር መሆኑን ስነግረው ፊቱ አመድ ሆነ። አባቴን ሁለት ጊዜ ልትቀብሪው ነው ወይ አለኝ። ወር ያህል ስልክ አላነሣልኝም። አልፈረድኩበትም፤ የሃምሳ አለቃ ይማም ልጅ ነኝ እያለ ነው ያደገው። ዘሃራም ሰማችና፣ የሞተ ሰው ምን አደረገሽ፣ ተይው ይረፍ አለችኝ። ያለዚያ እንደማያርፍ እንዴት ላስረዳት?

የዓመትህን ሰደቃ ቀን ጠበቅሁ። ተሰማና ሁለት ልጆቻቸው መጡ፤ ለእነሱ ለብቻ በክርስቲያን እጅ በግ አሳረድኩ። ሰው ግቢውን ሞላው። ዱዓው ካለቀ በኋላ ሼሁን ለምኜ ነበርና ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ፤ በይማም ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ አሉ። ሰዉ አፉ ብለናል ማለት ሲጀምር ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁ። አቶ ተሰማ በሬ አልሰረቁም አልኩ። ቃሉን የጻፈው ባሌ ነው፤ ያነበበላቸው ሌላ፣ ያስፈረማቸው ሌላ። ሊናገር እየፈለገ ሞተ። እኔም ዓምና እዚሁ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።

አንድ ሁለት ሰዎች ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ ከመስጊድ ጓደኞችህ አንዱ ነበረበትና ስሙን አልነግርህም። ተሰማ ቀና ብለው ውሃ ስጡኝ አሉ። እኔ ከቆምኩበት መላወስ አቃተኝ። ውሃውን የቀዳው አሕመድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ሲቆም ሲሄድ የዋለው ልጅህ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው። እስከ ጭላጩ ጠጥተው ጣሳውን መለሱለትና፣ አባትህን አፉ ብዬዋለሁ፣ አላህም አፉ ይበለው አሉ። አላህ ነው ያሉት፤ ለእኛ ብለው።

እንግዲህ ወሬው ይኸው ነው። እሁድ አዲስ ድራማ ጀምሯል፤ ቤቱ እንደ ድሮው አይሞላም፤ ዘሃራ ግን ትመጣለች። በርጩማህ ላይ ማንም አይቀመጥም። የደንብ ልብስህን አውጥቼ አጠብኩት። ያቺን የሰፋኋትን ማዕረግ ፈታኋት። ልብሱን ግን አልጣልኩትም፣ መልሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ክንዱ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል፣ ይታይ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ አስታውስሃለሁ። የሚስቀውንም፣ የሚያርመውንም፣ ቃል የጻፈውንም፣ ዳገት ወጥቶ ውሃ ለምኖ የተመለሰውንም። አንዱን ብቻ መርጬ አላስቀርም። መስከረም ሲመጣም ተሰማ ደጅ እሄዳለሁ፤ ውሃ እጠይቃለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አወራለሁ።

እኔም አፉ ብዬሃለሁ። አንተም ዓምና ዝም ስላልኩብህ፣ ዘንድሮ ደግሞ ስለተናገርኩብህ አፉ በለኝ።

ፋጡማ